የሶረቲ ልክ

ነቀምቴ ውስጥ የከተማውን ሴት ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የምታውቅ አንዲት ሰው አለች። ሐሜተኛ አይደለችም፤ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስሟም ሶረቲ ይባላል። የባንክ ሥራ አስኪያጇ ወገብ ካምና ወዲህ ስንት ጣት እንደሰፋ፣ የፓስተሩ ባለቤት አንዱ ትከሻ ከሌላው ምን ያህል ዝቅ እንደሚል፣ የትኛዋ ሙሽራ የቬሎዋን ወገብ ከሠርጓ በፊት ሁለት ጊዜ እንዳስለቀቀች ታውቃለች። ከአፏ የሰማ ግን የለም። ልክ ስትወስድ ቁጥሩን አትጠራም። ሜትሩን አንገቷ ላይ ጣል ታደርግና በደብተሯ ጽፋ ትከድነዋለች። ግድግዳ ተጋርተን ስድስት ዓመት ስንኖር ያን ደብተር ተከፍቶ አላየሁትም። ለማየት አልሞከርኩም ብል ግን እዋሻለሁ።

እኔ አሰፋች ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ ስወጣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ውስጥ፣ ከሶረቲ ሱቅ ጎን፣ ደብተርና እስክሪብቶ የምሸጥባት፣ ፎቶ ኮፒ የማነሳባት ጠባብ ሱቅ ከፈትኩ። አያቴ ከጎጃም መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እኔም እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አረጀሁ። ኦሮምኛዬን ሰው ሁሉ ያደንቅልኝ ነበር። እኔም ከሁሉ በላይ አደንቀው ነበር፤ እስከ ባለፈው ታኅሣሥ ድረስ።

ሶረቲን ያወቅኋት አራተኛ ክፍል ሳስተምራት ነው። ጽሕፈቷ እንደ ስፌት ቀጥ ያለ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ እንደገና እጄ ገባች፤ ያኔ እኩዮቿ ሁሉ ሰውነታቸው ሞላ ሞላ ሲል እሷ ቁመት ብቻ ጨመረች። ወንዶቹ “ሳንቃ” የሚል ስም አወጡላት። ሳንቃ በአማርኛም በኦሮምኛም ያው ሳንቃ ስለሆነ ማንም አስተርጓሚ ሳያስፈልገው ይስቃል። አንድ ቀን ሰሌዳው ጢም እስኪል ጽፌ ቦታ ሳጣ፣ ከኋላ አንዱ ጎረምሳ፣

“ቲቸር፣ ሰሌዳው ሞላ፤ ሳንቃዋ ላይ ይጻፉ!” አለ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጠረጴዛውን በዳስተር መታሁና “ዝም በሉ!” አልኩ። ግን ከመጮኼ በፊት ፈገግ ብዬ ነበር። ቀልዱ ብልጠት ነበረበት፤ የቋንቋ አስተማሪ ደግሞ በቋንቋ ብልጠት ይሸነፋል። ሶረቲ ፈገግታዬን አየችው። እኔ ረሳሁት፤ እሷ ግን አልረሳችውም።

ሃያ ዓመት ሲሞላት ቤይሩት ሄደች። ሁለት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ፣ የእመቤቷ ዘመድ የሆነች ቬሎ ሰፊ የእጇን ሥራ አይታ ወደ ራሷ ስፌት ቤት ወሰደቻት። እዚያ ሶረቲ መስፋት ብቻ አልነበረም ሥራዋ። ረጅምና ቀጭን ስለሆነች አዲስ የተቆረጠ ቬሎ ሁሉ መጀመሪያ እሷ ላይ ይለካል። ደረቷ ላይ ስፖንጅ ይከቱባታል፣ በስፒል ይወጥሯታል፣ ከትልቅ መስታወት ፊት ለሰዓታት ያቆሟታል። ስፖንጁ እያለ የምታያት ሴት ቆንጆ ነበረች። ሥራ ሲያልቅ ስፖንጁን ያወጡና በካርቶን ይከቱታል፤ መስታወቱም ያን የድሮ ስም ይጠራላታል። በየቀኑ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ።

ሃያ አራት ዓመቷ ላይ፣ በአንድ የበዓል ሳምንት፣ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር አንድ ክሊኒክ ሄዳ ጡቷ ውስጥ ሲሊኮን አስገባች። አልፈርድባትም። በዚያ ክፍል ፈገግ ያልኩት እኔ አይደለሁም?

ክሊኒኩ ሲሸኛት አንድ ትንሽ ካርድ ሰጣት። የሠራው ፋብሪካ ስም፣ ዓይነቱ፣ መጠኑና መለያ ቁጥሩ የተጻፈበት ካርድ ነው። “የዕድሜ ልክ ዋስትና አለው” አሏት። በእኛ አገር የዕድሜ ልክ ሲባል የምናውቀው እስራትን ነው፤ እሷ ግን እስክትሞት ሳይበላሽ የሚኖር መሰላት። ኋላ እንደገባን ዋስትናው ቢቀደድ ሌላ እንተካልሻለን ማለት ነው እንጂ አይቀደድም ማለት አልነበረም። በየጥቂት ዓመቱ በመሣሪያ መታየት እንዳለበት ነግረዋት እንደሆነ ጠይቄያታለሁ። “ነግረውኝ ይሆናል፤ ጆሮዬ ግን በደስታ ተደፍኖ ነበር” አለችኝ።

በሁለት ሺህ አሥር ወደ አገሯ ስትመለስ የስፌት መኪና፣ ሦስት ሻንጣ ዳንቴልና አዲስ ደረት ይዛ መጣች። ከተማው “ቤይሩት ተስማማቻት” አለ። እኔም ገና ሳያት “ውይ፣ ሞላሽ እኮ!” ብዬ ጉንጯን ሳምኩ። ሳቀች። ካርዱን ግን መጣል ፈራች፤ ማስቀመጥም ፈራች። ስለዚህ የልብስ ሰፊ ነገር አደረገች፦ በቀይ ከፋይ ጨርቅ የመርፌና የስፒል መሰኪያ ትራስ ሰፋች፤ ካርዱን ከጥጡ መሐል ከታ አፉን ዘጋችው። ትራሱ ስድስት ዓመት ሙሉ ከመኪናዋ አጠገብ ተቀመጠ። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ስፒል ሰክቼበታለሁ።

በዓመቱ ጋሩማን አገባች። ጋሩማ የመብራት ኃይል ሠራተኛ ነው፤ እንጨት ላይ ወጥቶ መስመር የሚጠግን፣ ከመሬት ሲወርድ ብዙም የማያወራ ሰው። በመጀመሪያው ወር ልትነግረው አሰበች። ከዚያ በመጀመሪያው ዓመት። ከዚያ ልጃቸው እምነት ተወለደችና ነገሩ ሳይነገር ቀረ። ምስጢር ገና ትኩስ ሳለ ካልወጣ እያደር ይከብዳል፤ ሰውም ካፈርኩ አይመልሰኝ ይላል።

ባለፈው ኅዳር ነው አንድ ነገር ያየሁት። ለሰው ልብስ ግማሽ ጣት የማትስት ሴት የራሷ ቀሚስ በግራ በኩል ተወጥሮ በቀኝ ላልቷል። “ምነው ሶረቲ፣ ለራስሽ ሲሆን መቀስሽ ደነዘዘ?” ብዬ ቀለድኩባት።

“መኪናው ላይ ጎንበስ ስል ነው የሚጣመመው፣ ባርሲስቱ” አለች። ከትምህርት ቤት ጀምሮ የምትጠራኝ እንደዚህ ነው፤ አስተማሪዬ ማለቷ ነው።

ሳምንት ቆይታ ግራ ጎኗን ያማት፣ ያተኩሳትም ጀመር። እኔ ሐኪም ሳልሆን ሐኪም መሆን የምወድ ሰው ነኝ። “ምች ነው” አልኩና ዳማ ከሴ ጨምቄ አመጣሁላት። አፍንጫዋን ይዛ ጠጣችልኝ። ዳማ ከሴ ቤይሩት የተሰፋ ነገር አያውቅ፤ ምንም አልፈየደም። ታኅሣሥ ላይ ከመደርደሪያው ክር ለማውረድ ግራ እጇን ማንሳት ሲያቅታት ግን ሱቄን ዘጋሁ፤ ክንዷን ይዤ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት።

ሐኪሙ ዶክተር ሠርፀ ይባላል፤ ልጅ እግር፣ ትሑት፣ ነቀምቴ ከመጣ ሁለት ወር ያልሞላው። ከኦሮምኛ “አከም”ና “ገለቶሚ”፣ ሰላምታና ምስጋና ብቻ ነው የያዘው። ሶረቲ አማርኛን እንደ ውኃ ነው የምትጠጣው፤ በዚያን ዕለት ግን ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተክላ ለእኔ በኦሮምኛ ትነግረኛለች። ወንድ ሐኪም አፍራ ነው ብዬ ደስ እያለኝ አስተረጎምኩ። ሳይሾሙኝ የተሾምኩ አስተርጓሚ ሆንኩ።

“ጡቷ ላይ ከዚህ በፊት የተደረገ ነገር አለ?” ሲል ጠየቀ።

መልሼ ጠየቅኋት። የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠመጠመች፤ ፈታች። ከዚያ ቀስ ብላ፣

“ሀርሚ ኮ ሆዸሜ ጂራ” አለች።

እዚህ ላይ የአስተማሪነቴን ትንሽ ላስረዳ። በኦሮምኛ ልብስ መስፋት ሆዹ ነው። ጡት መጥባትም ሆዹ ነው። ቃሉ አንድ፣ ነገሩ ሁለት። ቀዶ ሕክምናንም ቀዶ መስፋት እንደማለት በዚሁ ቃል ነው የሚጠሩት። ሶረቲ ልብስ ሰፊ ናት፤ አሥራ አንድ ዓመት አፍና የያዘችውን ነገር ማውጣት ሲያቅታት የምታውቀውን የሥራዋን ቃል አነሳች። “ጡቴ ተሰፍቷል” ማለቷ ነበር። እኔ ደግሞ የዓመት ከሁለት ወር ልጅ ያላት እናት ነው ያየሁት።

“ልጅ እየጠባባት ነው፣ ዶክተር” አልኩት።

ዶክተሩ ጻፈ። ሊያያት ሲፈልግ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ ስለዚህ ከቀሚሷ በላይ ዳሰስ አደረጋትና “ጠጠር ብሏል፤ ወተቱ ቋጥሮ ተቆጥቶባታል” አለ። የኢንፌክሽን ክኒን አዘዘ፤ በሞቀ ፎጣ እንድትይዘው፣ ማጥባቱን እንዳታቆም፣ በሳምንት ካልተሻላት እንድትመለስ ነገራት። ሶረቲ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ አንገቷን ደፋች። ስንወጣ እጄን ይዛ “ገለቶማ፣ ባርሲስቱ” አለችኝ። ምስጋናዋን ተቀብዬ ወደ ሱቄ ገባሁ።

ክኒኑ ጥቂት ቀን ያስታገሳት መሰለ። እሷም ተሽሎኛል አለች፤ እኔም አመንኳት፤ ወደ ክሊኒኩ አልተመለሰችም። ከዚያ ወዲያ ሰፊ ሹራብ መልበስ አበዛች። ደረቷ ግን ሁልጊዜ እኩል ነው የሚታየው። ውስጡን ለቄስ ይላል የአገሬ ሰው፤ ለካ ግራው ሲያብጥ በቀኙ በኩል ስፖንጅ እየከተተች ታስተካክለው ኖሯል። ከቤይሩት መስታወት ፊት ያስወገደችውን ስፖንጅ ቡርቃ ጃቶ ላይ መልሳ አስገባችው።

ፋሲካ ሲቃረብ የቤተ ክርስቲያናቸው ኳየር ሃያ ሁለት ልብስ አዘዘ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የተቀደደ የሱቅ መጋረጃዬን ይዤ ገባሁ። ሶረቲ በሱቁ የለችም፤ መኪናው ክፍት ነው። የልብስ መለኪያውን መጋረጃ ገለጥ ሳደርግ፣ ወገቧ ድረስ ተራቁታ፣ ሜትሩን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች። ግራ ጡቷ የቀኙን አንድ ተኩል ያህላል፤ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። ከፊቷ፣ በወንበር ላይ፣ ያ ደብተር ተከፍቶ ተቀምጧል።

በመጨረሻ አየሁት። የማንም ወገብ አልነበረበትም፤ የራሷ ገጽ ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ በየቅዳሜው፣ ከደረቷ መሐል በብብቷ ዞሮ እስከ ጀርባዋ መሐል፦ ግራ 43፣ ቀኝ 41። ግራ 44፣ ቀኝ 41። ግራ 45 ተኩል፣ ቀኝ 41። የዚያን ቀኑ ገና ቀለሙ አልደረቀም፦ ግራ 48፣ ቀኝ 41። በዚያ በቀጥ ባለው ጽሕፈቷ።

“ይህ የወተት ነገር አይደለም” አልኩ።

ያኔ ነው ሁሉንም የነገረችኝ፦ ስፖንጁን፣ መስታወቱን፣ ክሊኒኩን፣ የዕድሜ ልኩን። እያለቀሰች አልነበረም፤ ልክ የምትሰጥ ይመስል ተራ በተራ ነው የነገረችኝ። መጨረሻ ላይ፣

“ያን ዕለት ክሊኒክ ተናግሬ ነበር እኮ፣ ባርሲስቱ። ሆዸሜ ጂራ ብዬ” አለች።

ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ ተገለበጠ። የተቆረጠው የኳየር ጨርቅ ክምር ላይ ቁጭ አልኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እያልኩ ለልጆች ያስተማርኩ ሰው፣ በአንድ ቃል አራት ወር አባከንኩባት። ተነሳሁና “ይህን ነገር የሚያውቅ ወረቀት የለሽም?” አልኳት። ሶረቲ ቀዩን ትራስ አነሳች። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ነቀለች፤ በመቀሷ ጫፍ ስፌቱን ተረተረች፤ ከጥጡ መሐል ካርዱን አወጣች። ስፒል የወጋው ቦታ ሁሉ በስቶታል፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል።

ለጋሩማ ስትነግረው አብሬያት እንድቀመጥ ለመነችኝ። እስከ መጨረሻ ሰማት። መጀመሪያ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ “ይገድላል?” እኔ አላውቅም አልኩ፤ እሷም አላውቅም አለች። “አምስት ዓመት!” ብሎ ተነስቶ ወጣ። ሁለት ቀን አላናገራትም።

በሦስተኛው ቀን ሱቄ መጣ። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረና “ሦስት ኮፒ፤ መንገድ ላይ አንዱ ቢጠፋ” አለ። ማሽኑ ሲሠራ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዙሮ፣

“እኔን የከፋኝ ጡቱ አይደለም፣ ባርሲስቱ። ለመርፌ ትራስ የነገረችውን ለእኔ መንገር አቅቷት መኖሯ ነው” አለ።

ኮፒዎቹን አጣጥፌ ሰጠሁት። ያንኑ ዕለት ሦስታችንም ዶክተር ሠርፀ ዘንድ ሄድን።

ዶክተሩ ካርዱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩና የቃሉን ነገር ነገርኩት። “እኔም ከቀሚስ በላይ ዳስሼ መተው አልነበረብኝም” አለ፤ ወደደኝም ጠላኝም አላውቅም፣ እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደድኩት። በአልትራሳውንድ ታየች፤ በግራው ሲሊኮን ዙሪያ ውኃ ቋጥሮ ተገኘ።

ከዚያ ወንበሩን አቅርቦ ቀስ ብሎ አስረዳን። ባዕድ ነገር ሰውነት ውስጥ ሲገባ ሰውነት በዙሪያው አጥር ያጥራል፤ የብዙዎቹ ሴቶች አጥር ስስ ሆኖ ይቀራል። አንዳንዴ ግን አጥሩ ይጠብቅና ጡቱ እንደ ድንጋይ ይሆናል፤ ያማል። ሲሊኮኑም ሊተነፍስ፣ ሊቀደድ ይችላል፤ የተቀደደው ደግሞ ሳያሳውቅ ዓመታት ሊቆይ ስለሚችል ነው በመሣሪያ ይታይ የሚባለው። የዕድሜ ልክ የሚቆይ የለም፤ ብዙዎቹ አንድ ቀን መውጣት ወይም መለወጥ አለባቸው። እንደ ሶረቲ ዓይነቱ፣ ገጹ ሻካራ የሆነው፣ ከስንት ዓመት በኋላ ድንገት ውኃ ከቋጠረ ግን ዝም አይባልም።

“እጅግ በጣም ጥቂት ሴቶች ላይ በዚያ አጥር ውስጥ አንድ ዓይነት ካንሰር ይነሳል” አለ። “ብዙዎቹን አይነካም። ግን ውኃው ሳይመረመር ነጻ ነሽ ልልሽ አልችልም። በጊዜ ከተያዘ አብዛኛውን ጊዜ አውጥቶ መጣል ይበቃል።”

ጋሩማ የሶረቲን እጅ ያዘ። በፊቴ ሲይዛት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዶክተሩ አዲስ አበባ ለሚያውቀው ቀዶ ሐኪም ደወለ፤ ቀጠሮ ተያዘ። መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ የነበረበት ሰሞን ነበርና የመኪናውን ቀን ሁለት ጊዜ ለወጡት። ከመሄዷ በፊት እምነት ጡት መተው ነበረባት። የጋሩማ እናት እንደ ደንቡ እሬት ቀብታ ልታስጥላት ተዘጋጀች። ሶረቲ እምቢ አለች። “መጨረሻ የምታስታውሰው ጡቴ መራራ እንዲሆን አልፈልግም” አለች። በቀኝ ጡቷ እስክትጠግብ አጠባቻት፤ ከዚያ ራሷ አንስታ ለአያቷ ሰጠቻት። ልጅቷ ምንም አልገባት፤ በአያቷ ጉያ እየሳቀች ቀረች።

ሶረቲ አዲስ አበባ ሳለች ሱቋን እኔ ነበርኩ የምከፍተው። ልብስ ሊወስድ የሚመጣ ሁሉ “የት ሄደች?” ሲለኝ “ለሥራ” እላለሁ። መዋሸቱ አይደለም የከበደኝ፤ ያን መቀመጫ ባዶውን ማየት ነው። ውኃውን ቀድተው ለምርመራ ሰደዱ፤ ሦስት ሳምንት ጠበቅን። ሲሊኮኖቹንም ሁለቱንም ከነአጥራቸው አወጡላት። አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሩማ ደወለ።

“ተገኘባት” አለ። “ወይኔ ልጄን!” አልኩ። “ይቆዩ፣ ባርሲስቱ፣ ይስሙኝ። ተገኘባት፣ ግን ከአጥሩ አልወጣም። ሁሉንም አውጥተውታል። ሌላ መድኃኒት አያስፈልጋትም፤ በየጥቂት ወሩ እየተመላለሰች ትታያለች።”

“ድገምልኝ” አልኩት። ደገመልኝ። ቃል ማመን ትቼ ነበርና በኦሮምኛም አስደገምኩት። ከዚያ ስልኩን ይዤ የሶረቲ መኪና ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ግን ዶክተር ሠርፀ ዘንድ ሄጄ “አራት ወር ቀድሞ ቢታወቅስ ኖሮ?” ብዬ ጠየቅሁት። “ያኔም የሚደረገው ይኸው ነበር” አለ። “ሌላ አራት ወር ቢቆይ ግን አጥሩን ጥሶ ሊሆን ይችል ነበር።” ሊያጽናናኝ ነው የተናገረው። እኔ ግን የሰማሁት ሁለተኛውን ነው፤ ስንት ሳምንት ይዤው ዞርኩ።

ሶረቲ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት ጠዋት፣ ሱቋን ከፈተች። ከስታለች፤ ቀሚሷ ከፊት ዝርግ ብሎ ወርዷል። እዚያ አግዳሚ ላይ ከባኬ ጃማ ሰፈር የመጣች አሜን የምትባል ሙሽራ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች። ይህች ልጅ ከሰኔ ጀምሮ ነው የምትመላለሰው፤ ሶረቲ በሌለችበት የቬሎ ፎቶ ያሳየችኝ እኔን ነበር። ፎቶው ግን የልብሱ አልነበረም፤ የለበሰችው ሴት የደረቷ ነው። “እንዲህ ለመሆን ዱባይ ስንት ቀን ይፈጃል?” ብላ ጠይቃኝ ታውቃለች።

እኔ ይቅርታ ለመጠየቅ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። አስተማሪ ነኝና መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ነበረው። ከመግቢያው ግን አላለፍኩም።

“ሶረቲ፣ ያቺ ቃል... እኔ በትክክል ብተረጉምልሽ ኖሮ...”

መቀሷን አስቀመጠች። ዓይኔን እያየች ትስቅ ጀመር፤ ሳቋ ግን መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ።

“ባርሲስቱ” አለች፣ “አማርኛ ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?”

አልገባኝም።

“‘ልጅ እየጠባባት ነው’ ብለው ለዶክተሩ ሲነግሩት ሰምቻለሁ። እያንዳንዷን ቃል። ‘አይደለም’ ብል ይበቃ ነበር፤ አንዲት ቃል። ደስ አለኝ። ‘እኔ ተናግሬያለሁ፤ ያልሰሙት እነሱ ናቸው’ አልኩ ለራሴ። አራቱን ወር የወሰድኩት እኔ ነኝ። ‘ጥፋቱ የእኔ ነው’ ሲሉ ሰምቼ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።”

አራተኛ ክፍል ሳለች በደብተሯ ያስጻፍኳት ተረት ትዝ አለኝ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። በዚያ ቀጥ ባለው ጽሕፈቷ አምስት ጊዜ ጽፋው ነበር። ያን ጊዜ በቀይ እስክሪብቶ “በጣም ጥሩ” ብዬላታለሁ። ስለዚያ ስለ ስምንተኛ ክፍሉ ፈገግታዬም ይቅርታ መጠየቅ ፈለግሁ፤ ጠየቅሁም፤ “አስታውሰዋለሁ” ብቻ አለችኝ፣ ጨክናም ሳትሆን።

ከዚያ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ሰጠችኝ።

“ልኬን ይውሰዱልኝ። ለእምነት ልደት ቀሚስ ልሰፋ ነው፤ ለራሴ።”

እጆቿን ዘረጋች። ግራውም ከቀኙ እኩል ተነሳ። ሜትሩን በጀርባዋ አዙሬ ከፊት አገናኘሁት፤ ቁጥሩን አየሁና እንደ ልማዷ ዝም ብዬ ላሳያት ሜትሩን ወደ እሷ አዞርኩ።

“ያንብቡት” አለች። “ጮክ ብለው።”

“ሰባ ስምንት” አልኩ።

“በኦሮምኛም።”

“ቶርባታሚ ሰዴት።”

አሜን ስልኳን ጭኗ ላይ ትታ ቀና ብላለች። ሶረቲ የእኔን ዓይን ትታ የእሷን አየች። “ቀድሞ ሰማንያ አራት ነበር” አለቻት፣ የጨርቅ ዋጋ የምትነግራት በሚመስል ድምፅ። “ስድስቱን ቤይሩት አስሰፍቼ፣ አዲስ አበባ አስተረተርኩት። ወደ ውስጥ ግቢ፤ ጠባሳውን ላሳይሽ፤ ከዚያ ዱባይ መሄድ የፈለግሽ እንደሆነ ትሄጃለሽ።”

ቁጥሩን በደብተሯ በራሷ ገጽ ላይ፣ ከቅዳሜዎቹ ሁሉ በታች ጻፈችው። ሳትከድነው ጠረጴዛው ላይ ተወችና መጋረጃውን ለአሜን ገለጠችላት።